የመውረዱ ነገር

ተራራ በመኪና የሚወጣን ሰው እየናቅኩ ነው ያረጀሁት። ከከተማችን ወጣ ብሎ አናቱ ላይ ቤተ ክርስቲያን ያለበት ተራራ አለ፤ በየዓመቱ ለንግሡ እወጣዋለሁ፣ በእግሬ። ሞጆ ቆዳ ሳለፋም ሆነ ጡረታ ወጥቼ አዳማ ከተቀመጥኩ ወዲህ አንድም ንግሥ አላለፈኝም። ጎረቤቴ ነጋዴው ግን ፒክአፑን አስነስቶ፣ አቧራውን በእኛ በእግረኞቹ ላይ እያቦነነ፣ እስከ አጥሩ ድረስ ይወጣል። ወርዶ ይሳለማል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያ ደከመኝ ይላል። ምኑን እንደደከመው እስካሁን አልገባኝም።

ጉልበቴ የተጎዳውም እሱኑ በመናቅ ነው። አምና ቁልቁል ስወርድ ከኋላዬ ጡሩምባ ነፋብኝ። በንቀት ላየው ዞር ስል እግሬ ድንጋይ መሃል ተቀርቅሮ ቀረ፤ ገላዬ ብቻ ዞረ። ጉልበቴ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ። እሱ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ» አለኝ። መንገድህን ሂድ ብዬው እያነከስኩ ወረድኩ።

ጉልበቴ አበጠ፤ ጠያቂም መጣ። ጠያቂ መቼም ብርቱካን ይዞ ይገባል፣ ምክር ጥሎ ይወጣል። አንዱ ነርቭ ነው አለ፣ አንዱ ብርድ፣ አንዱ እርጅና። እርጅና ነው ያለው ሰው በዕድሜ ይበልጠኛል። ሁሉም የተስማሙት ወጌሻ ዘንድ በመሄዴ ላይ ነው። ወጌሻው ገና በሩ ላይ ሲያየኝ፣ ወልቋል አለ። ቅቤ ቀባኝ፣ ስለ በሬ ዋጋ ሲያጫውተኝ ቆየና ሳላስበው እግሬን ጎተተው። የወለቀ ነገር አልነበረም፤ እሱ ግን ገባልህ ብሎ ኩራቱ ሌላ ነበር። በማግስቱ ጉልበቴ ማጠፊያው እንደዛገ በር ደርቆ ቀረ፤ አይታጠፍ፣ አይዘረጋ።

ይሄኔ ባለቤቴ ባጃጅ ጠርታ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ኤምአርአይ አስነሳኝና፣ በሁለቱ አጥንቶች መሃል እንደ ትራስ የምታገለግል ነገር አለች፣ እሷ ናት የተቀደደችው አለኝ። እብጠቱ ሲቀንስ ጉልበቴ መታጠፍና መዘርጋት ስለጀመረ፣ ቀዶ ጥገናውን ትተን በእንቅስቃሴ እንሞክር አለ። እኔ ቆዳ ሳለፋ የኖርኩ ሰው ነኝ። ቢላ የነካው ቆዳ ደረጃው ይወርዳል እንጂ በእንቅስቃሴ ሲድን አላየሁም።

እንቅስቃሴ የምታሠራኝ ወጣት ሴት ነበረች። በጀርባዬ አስተኝታ፣ እግርዎን ቀጥ አድርገው ያንሱ፣ ይያዙ፣ ቀስ ብለው ያውርዱ ትለኛለች፤ ሕፃን አልጋው ላይ ተኝቶ የሚሠራውን ሥራ። ቤት ስገባ ደግሞ ባለቤቴ እንደ አሥር አለቃ ራስጌዬ ትቆማለች። እየናቅኩ አነሳሁ፣ እየናቅኩ አወረድኩ። ክረምቱ በዚሁ አለፈ። ጭኔ መጠንከሩን ለልጅቷ አልነገርኳትም፤ እሷ ግን ነክታ አወቀች።

ንግሡ ሲቃረብ ተራራውን መውጣት እችል እንደሆነ ጠየቅኳት። ትከለክለኛለች ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር።

«መውጣቱን ይውጡ አባባ፣ ዱላ ይዘው፣ ቀስ እያሉ» አለችኝ። «የሚጎዳዎት መውረዱ ነው። ቁልቁል ሲሄዱ ክብደትዎ ሁሉ ጉልበትዎ ላይ ነው የሚያርፈው። ሲመለሱ መኪና ይያዙ።»

ያዘጋጀሁትን መልስ ትቼ ዱላ አዘጋጀሁ።

ወጣሁት። እያረፍኩ፣ ዱላዬን እየተደገፍኩ፣ ግን በእግሬ። ተሳልሜ ስጨርስ የልጅቷን ምክር ወደ ጎን ትቼ ቁልቁለቱን ጥቂት ሞከርኩት። ጉልበቴ ውስጥ ያችው ነገር ቆነጠጠችኝ። ቆም ብዬ አሰብኩ። ዘንድሮ በእግሬ ብወርድ ለከርሞ መውጣት የለም። ተመልሼ አጥሩ ጥግ ወደቆመው ፒክአፕ ሄድኩና በሩን ራሴ ከፈትኩ።

«ጋሼ፣ ዛሬስ ደከመዎት?» አለኝ ነጋዴው።

«የሚደክመው በእግሩ የወጣ ሰው ነው» አልኩት።

መንገዱን ሙሉ ስለ ጎማ ዋጋ አወራልኝ። መሃል ላይ ስንደርስ ከፊታችን ለሚሄድ አንድ ሽማግሌ ጡሩምባ ነፋ። ሽማግሌው ዞር ብሎ መኪናውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። አስተያየቱን አውቀዋለሁ። መስኮቱን ዝቅ አደረግኩ።

«ወንድሜ» አልኩት፣ «እኛን ተወንና እግርህን እያየህ ውረድ።»