ያልተሳበ ምላጭ

ከቴፒ ሲያመጡኝ ይዘንብ ነበር። ፒክአፑ ላይ ሸራ ስላለበሱን ሚዛን ከተማ መድረሳችንን ያወቅሁት በገበያው ጫጫታ ነው። ያስገቡኝ ድሮ የቡና መጋዘን የነበረ ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ ከነገለባው የደረቀ የጀንፈል ቡና ሽታ ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ቡና አገር ተወልጄ አድጌ ያ ሽታ ያስጠላኝ ያኔ ብቻ ነው።

ውስጥ አንድ ሰው ተቀምጠዋል። ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ጉንጫቸው የጎደጎደ ቀጭን ሰው። ቀና ብለው አዩኝና፣ «ወንድሜ፣ ጫማህን በሩ ጋ አውልቅ። የምንተኛው እዚሁ ነው» አሉኝ።

አወቅኋቸው። ከአሥር ቀን በፊት ሽጉጥ የደገኑብን ሳጅን ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምርጫው እንዳለፈ ሰው ቅሬታውን ሊያሰማ አደባባይ ወጣ። አቤቱታውን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ፤ የሒሳብ መምህርነቱ አልበቃ ብሎኝ። ከፊታችን ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል፤ እኚህ ሳጅንና አንድ ወጣት ባልደረባቸው። ድንገት ከመሃላችን አንድ የማላውቀው ሰው ገጀራ ይዞ ሮጠባቸው። ሳጅኑ ሽጉጣቸውን ሲመዙ እንኳ አላየሁም፤ ብቻ ደግነው ቆመዋል። ግን አልተኮሱም። ሰውየው ወደ ወጣቱ ዞሮ ቀኝ እጁን መታው፤ ሦስት ጣቶቹን ቆረጠው። ከዚያ ሰው ተረባርቦ ገጀራውን ነጠቀው። እኔን ያሰሩኝ በአቤቱታው ነው፤ ሳጅኑን ደግሞ «ያልተኮስከው ከሰልፈኞቹ ጋር ተመሳጥረህ ነው» ብለው።

ሳጅኑ ብዙ ዓመት ምልምል ፖሊሶችን የሽጉጥ ተኩስ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ጠዋት ጠዋት ነጠላ ጫማቸውን እንደ ሽጉጥ ይይዙና፣ ከወለሉ ስንጥቅ የለቀሟትን አንዲት የቡና ፍሬ ጫፉ ላይ አስቀምጠው ጣታቸውን ቀስ አድርገው ይስባሉ። ፍሬዋ ከወደቀች ተኩሱ ተበላሸ ማለት ነው። ከእንግዲህ ማን መሣሪያ እንደሚሰጣቸው እንጃ፤ ልማድ ሆኖባቸው ነው።

አንድ ቀን ሲሰለቸኝ እኔም ሞከርኩ። ፍሬዋ ወዲያው ዱብ አለች።

«ቸኮልክ መምህር» አሉ።

«ገጀራ እየመጣብኝ ላልቸኩል ነው?»

«ትቸኩላለህ። የሚቸኮለው ግን አወጣጡ ላይ ነው። እጅህ ይሩጥ፤ ጣትህ ምላጩ ላይ ሲደርስ ረጋ በል። ቡና ለቃሚ አይተህ የለ? ጎበዙ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይፈጥናል፤ ፍሬዋን ሲይዝ ግን ቀይ መሆኗን ያያል። ሰነፉ አረንጓዴውንም ቀዩንም አንድ ላይ ይሸመጥጠዋል።»

«ታዲያ ያን ቀን ምን አዩ?»

ነጠላ ጫማቸውን አጠለቁ።

«ከሰውየው ትከሻ ኋላ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው አየሁ። ብስተውም፣ ጥይቱ በስቶት ቢያልፍም የሚያገኘው እሱን ነው። ገለል እስኪል አንዲት ትንፋሽ ጠበቅሁ። በዚያች ትንፋሽ ባልደረባዬ ልጁ ጣቶቹን አጣ። እሱን ሳስብ እህል አይወርድልኝም።»

በዚያ ረድፍ ነጭ የለበስኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ነገርኳቸው።

«ፊትህን አላየሁም ነበር» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። ሻይ አስመጣልኝ፤ የተተየበ ወረቀትም ገፋ አደረገልኝ። ሳጅኑ ቀድሞ እንደሚያውቀኝ፣ እንደማይተኩስም ቃል እንደገባልኝ ይላል።

«ፈርም። ዛሬ ቤትህ ታድራለህ» አለኝ። «ሚስትህ እርጉዝ ናት አይደል?»

ስምንት ወሯ ነበር፤ የመጀመሪያ ልጃችን። ሳጅኑ በዚያ ወረቀት ስንት ዓመት እንደሚፈረድባቸው አልነገረኝም፤ አልጠየቅሁትምም። አልዋሽም፣ እስክሪብቶውን አንስቼ ነበር። እጄም እየቸኮለ ነበር። የፊርማዬ መጀመሪያ ላይ ስደርስ ነው የቆምኩት።

ወረቀቱን ገለበጥኩና በባዶው ገጽ፣ ለተማሪ ሰሌዳ ላይ እንደምጽፈው ቀስ ብዬ ጻፍኩ፦ «ሳጅኑን ከዚያ ቀን በፊት አላውቃቸውም። ከባለ ገጀራው ጀርባ የቆምኩት እኔ ነኝ። ቢተኩሱ ሊመቱኝ ይችሉ ነበር።» ከሥሩ ሙሉ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ። መርማሪው አነበበውና ሻዩን ከፊቴ አነሳው።

ስመለስ ሳጅኑ፣ «ምን አልካቸው?» አሉኝ።

«የት እንደቆምኩ ነገርኳቸው።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እኔ ሌላ አምስት ወር ታስሬ ወጣሁ፤ ልጄ የተወለደችው እዚያው እያለሁ ነው። ሳጅኑን በሳምንቱ ወደ ሌላ ቦታ ወሰዷቸው፤ ያ ወረቀት ይጥቀማቸው አይጥቀማቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። አለመተኮሳቸው ልክ ነበር ወይ የሚል ሰው ሲገጥመኝ «እኔን አትጠይቀኝ» እላለሁ። በእሳቸው አለመተኮስ በሕይወት የቆምኩ ሰው እንዴት ዳኛ እሆናለሁ?

ወጣቱን ፖሊስ ከዓመታት በኋላ ከሚዛን ብዙም በማትርቀው ሸዋ ቤንች ገበያ ላይ አየሁት። ሥራውን ለቆ ኖሮ ሲቪል ለብሷል። አንዲት ሴትዮ የቋጠረችለትን በርበሬ በግራ እጁ ተቀብሎ፣ ቀኙን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ ነበር። ሄጄ ማን እንደሆንኩ ልነግረው አሰብኩ። ልጄ እጄን ይዛኝ ነበር። እሷን ይዤ ፊቱ መቆም አቃተኝና በሌላ መንገድ ዞሬ ሄድኩ።