የኤንድሬ ሃውገን ማቆሚያ ዘንግ

ኤንድሬ ሃውገን ግራ እጁን የበቆሎ አገዳ መክተፊያ መኪና ከበላበት ወዲህ፣ ሰው ሲያገኝ ቀኙን ቀድሞ ይዘረጋ ነበር፤ ያኛውን እንዳያዩበት። እውነቱን ለመናገር እኛ ሸለቆ ውስጥ፣ በዊስኮንሲን ምዕራብ፣ እጅ የጎደለው ገበሬ ብርቅ አልነበረም። እሁድ ቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ላይ አንድ ሁለት ባዶ እጅጌ አይጠፋም። መኪናው አገዳውን ከነበቆሎው ይጎርሳል። ጥንድ ተሽከርካሪ ብረቶች በቆሎውን ገንጥለው ያስቀራሉ፣ አገዳው ተከታትፎ ለከብት መኖ ይሆናል። አገዳው እርጥብ ከሆነ ግን ብረቶቹ መሃል ይሰነቀራል፤ ያን ጊዜ የቸኮለ ሰው በእጁ ሊገፋው ይሞክራል። ብረት ደግሞ አገዳና ጓንት አይለይም።

ሌላው እጁን ሲያጣ «የእግዜር ቁጣ ነው» ብሎ ይቀመጣል፣ ወይ ጠርሙስ ያነሳል። ኤንድሬ ግን ተናደደ፤ ያውም በብረቱ ላይ ነው የተናደደው። ክረምት በመጣ ቁጥር በረት ውስጥ ገብቶ የበሩን ሳንቃ በጠመኔ ይሞነጫጭር ጀመር። ሚስቱ ራግና፣ ምላሷ የማይያዝ ሴት፣ «አንተ ሰውዬ፣ ላሞቹ እንኳ ስዕል ሰለቻቸው» ትለው ነበር። በመጨረሻ አንድ ነገር ወጣለት። መኪናውን የሚያጎርሰው ሰው በሚቆምበት በኩል፣ በሆድ ልክ፣ አግድም የሚዘረጋ ዘንግ ነው። ብረቶቹ ሰውን ይዘው ቢጎትቱት ገላው ዘንጉ ላይ ይወድቃል፤ ዘንጉ ከእንፋሎት ሞተሩ ኃይል የሚያመጣውን ጠፍር፣ ቺንጋውን፣ ያወልቀዋል፤ መኪናው ቀጥ ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው። እንዲህ ቀላል ነገር እስካሁን እንዴት ማንም አላሰበውም ያሰኛል።

የፈጠራ መብቱ ወረቀት ከዋሽንግተን በማኅተምና በሪባን ታሽጎ መጣ። ራግና በመስታወት አስገብታ ከምድጃው በላይ ሰቀለችው። ጎረቤት ሁሉ ባርኔጣውን እያወለቀ ገብቶ አየው። ወንድሟ ሹር ብቻ ቀና ብሎ አይቶ፣ «የእኔም ኮርማ ዓምና ኤግዚቢሽን ላይ እንዲህ ያለ ሪባን አግኝቷል፤ እሱ ግን እንዳንተ አልተጀነነም» ብሎ ቤቱን በሳቅ ሞላው። ኤንድሬም ሳቀ።

ወረቀት ግን የማንንም እጅ አያድንም። መኪናውን የሚሠራው ፋብሪካ ወኪል እቤቱ ድረስ መጥቶ ዘንጉን አየና፣ «እንግዲህ አንድ መኸር ይሞከር» አለው። «በወንፈላችሁ ከእርሻ እርሻ ይዙር። አንድም ሰው ሳይጎዳ ካለቀ፣ ገበሬዎቹም በራሳቸው አፍ መልካም ነው ካሉ፣ ከከርሞ ጀምሮ እያንዳንዱ መኪናችን ላይ እንገጥመዋለን።» ኤንድሬ ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተው። የእሱ እጅ አንዴ ሄዷል፤ የሌላው ሰው እጅ ግን እንዳለ ነው።

ወንዶቹ ዘንጉን ጠሉት። ሆዱ ገፋ ያለ ሰው ትንሽ ደገፍ ባለ ቁጥር ቺንጋው ይወልቃል፣ ሥራው ይቆማል፣ መልሶ እስኪገጠም ሁሉም እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። ስም አወጡለት፤ «ራግና» አሉት። መኪናው ሲቆም «ራግና ተቆጣች» ይባባላሉ። እሷም ሰምታ፣ «እኔ ብሆንማ ሆዳችሁን ሳይሆን አፋችሁን ነበር የማስቆመው» አለቻቸው። የማያሾፈው ኦስሙንድ ብቻ ነበር። ኦስሙንድ አጎራባች ገበሬ ነው፤ ወጣት፣ አዲስ ሙሽራ፣ በረት ሙሉ ላም የሚያልብ። «ሚስቴ እርስዎን ሳትመርቅ አትተኛም» ይለው ነበር ኤንድሬን። ኤንድሬም ተራው ባይሆን እንኳ በየእርሻው እየሄደ ዘንጉ አጠገብ ይቆማል። መኸሩ ሲጋመስ አንድ ጣት እንኳ አልተጎዳም።

የመጨረሻው ተራ የራሱ የኤንድሬ እርሻ ነበር።

የዚያን ቀን ሰማዩ አመድ መስሎ ዋለ፤ ከቀትር በኋላ እርጥብ በረዶ ይጥል ጀመር። አገዳው ራሰ። የእንፋሎት ሞተሩን ከሸለቆ ሸለቆ እያዞረ የሚያከራየው ባለቤቱ «ሳይመሽ ወደ ማዶው ሸለቆ ካልተሻገርኩ መንገዱ ይዘጋብኛል» ብሏል። ዘንጉ ደግሞ የዚያን ቀን ብሶበት ነበር፤ ይቆማል፣ ይገጥሙታል፣ ደግሞ ይቆማል። ወንዶቹ ቢሳደቡ ይሻል ነበር። ዝም ብለው ሰማይ ሰማይ ያያሉ። እኛ አገር በወንፈል የመጣን ሰው በራስ እርሻ ላይ በረዶ እየጣለበት አቁሞ እንደማዋል ያለ ውርደት የለም። ኤንድሬ ፊቱ ቀላ። ከኪሱ ሲባጎ አወጣና፣ አንዱን ጫፍ በጥርሱ ነክሶ፣ ዘንጉን ከመኪናው እግር ጋር ጠፍሮ አሰረው። ለቀሩት ጥቂት ነዶዎች ነው ብሎ ለራሱ ነገረው። አጠገቡ ሹር ብቻ ነበር፤ አየና ፊቱን አዞረ።

ኦስሙንድ የዚያን ጊዜ ነዶ ሊያመጣ ሄዶ ነበር። ሲመለስ የማጉረስ ተራው የእሱ ሆነ። ቋጠሮው በቺንጋው በኩል ስለነበር ከቆመበት አይታይም። አገዳ ተሰነቀረ። ኦስሙንድም ዘንጉ አለ ብሎ ያለ ፍርሃት በቀኝ እጁ ገፋው።

ብረቶቹ ሲይዙት ልክ ኤንድሬ እንዳስተማረው አደረገ፤ መላ ገላውን ዘንጉ ላይ ጣለው። ዘንጉ ንቅንቅ አላለም። ደግሞ ወደቀበት። ደግሞ። የሞተሩ ባለቤት ሮጦ እንፋሎቱን እስኪዘጋ እጁ ከክርኑ በታች አልቆ ነበር። ኤንድሬ እስከ ዕለተ ሞቱ ያልረሳው ጩኸቱን አይደለም፤ ዘንጉ ላይ እንዲያ ደጋግሞ መውደቁን ነው።

ሰዉ ሁሉ ኦስሙንድን ተሸክሞ ወደ ቤት ሲሮጥ ሹር ወደኋላ ቀረ። ቢላዋውን አውጥቶ ሲባጎውን ቆረጠና የሞተሩ እሳት ውስጥ ወረወረው።

ኤንድሬ ተመልሶ መኪናውን ዳበሰና፣ «ሲባጎው የታለ?» አለው።

«የምን ሲባጎ?»

«ሹር፣ አትቀልድብኝ።»

«ስማኝ ወንድሜ» አለ ሹር ዝቅ ባለ ድምፅ። «እህቴ እዚሁ ጎረቤት መሃል ነው የምትኖረው። ያጠፋው ብረት ነው እንበል። ብረትን ማንም አይቀየመውም።»

ደግ ሰው ነው ሹር፤ ክፋት አልነበረበትም። ግን ወሬው በዚያው ሳምንት ሸለቆውን አዳረሰ፤ ዘንጉ ነበረ አሉ፣ ሰውየው ወደቀበት አሉ፣ አላቆመም አሉ። ወኪሉም ሰማ። ኤንድሬ ቤት እንኳ ሳይገባ፣ በመንገድ ያገኘውን ሰው «በሉ፣ ነገሩ እዚህ ላይ አበቃ በሉት» ብሎ አለፈ።

ኤንድሬ እህል አልበላ አለው። ዝም ካለ ጎረቤት ያዝንለታል፣ ዘንጉ ግን ይሞታል፤ ከዚያ በየመኸሩ እጅ ይሄዳል። ከተናገረ ደግሞ የሰው እጅ ያስበላ እሱ ነው። አንድ ጠዋት ገበሬው ሁሉ ወተት ሊያስረክብ በተሰበሰበበት፣ ጋሪውን አቁሞ፣ «ዘንጉ ደኅና ነው» አለ። «ያሰርኩት እኔ ነኝ። በሲባጎ።»

አርኔ የሚባለው ሽማግሌ ትከሻውን ያዝ አደረገው። «ልጄ፣ ሁላችንም አዝነንልሃል። ግን ዕቃህን ለመሸጥ ብለህ በራስህ ላይ አትዋሽ። ነውር ነው።»

«ሹር፣ ንገራቸው እንጂ።»

ሹር ወተት መያዣውን ቁልቁል እያየ፣ «እኔ ያየሁት የለም» አለ።

ኤንድሬ የዚያኑ ቀን ማታ ወደ ኦስሙንድ ሄደ። ኦስሙንድ በረት ውስጥ ባልዲ ገልብጦ ተቀምጧል። ሚስቱ ቶራ በወዲያኛው ጥግ ታልባለች፤ ራግና ከጎኗ ሌላዋን ላም ይዛለች። ኦስሙንድ እጁን ካጣበት ቀን ጀምሮ ራግና ጠዋትና ማታ እየመጣች ታልብላቸው ነበር።

«የተናገሩትን ሰማሁ» አለ ኦስሙንድ።

«እውነት ነው። እኔ ነኝ ያሰርኩት።»

«አውቃለሁ።» ኦስሙንድ ቀና አላለም። «ስወድቅበት ነው ያወቅሁት። የተበላሸ ነገር ትንሽ እንኳ ይላወሳል።»

ኤንድሬ ወደ እሱ ጠጋ አለ። «ታዲያ ምነው ዝም አልክ? ዘንጉ ታስሮ ነበር በላቸው። አንተ ካልክ ያምናሉ። እባክህ።»

«ካልኩ በኋላስ?» አለ ኦስሙንድ፣ ሴቶቹ እንዳይሰሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቶራ ነፍሰ ጡር ናት። አያውቋትም እሷን፣ ቂም ከያዘች ያዘች ነው። ባለቤትዎ ደጃችንን መርገጥ አትችልም። እነዚህን ላሞች ማን ያልባቸዋል? እኔ በየትኛው እጄ?» አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። «ብረት ነው ካልን አብረን መኖር እንችላለን። እርስዎ ነዎት ካልን ግን እኔም እርስዎን መጥላት ይኖርብኛል፤ ለዚያ የሚሆን አቅም የለኝም። ይሂዱና ዕቃዬን ለመሸጥ ነው የዋሸሁት ይበሏቸው።»

ቶራ ከወዲያ ሆና፣ «ኦስሙንድ፣ እንግዳውን ቡና ይጠጡ በላቸው እንጂ» አለች።

በማግስቱ ኤንድሬ ጋሪውን ወተት ማስረከቢያው ደጃፍ አቁሞ፣ ትናንት የተናገረው ውሸት እንደነበር፣ ዕቃው እንዲሸጥለት ብሎ እንዳለው ተናገረ። አርኔ «ይኸው፣ አሁን ሰው ሆንክ» ብሎ ወተቱን ሊያወርድለት መጣ። ሹርም በሌላው ወገን ያዘለት። ማንም ከዚያ ወዲያ አላነሳበትም፤ በጣም ደግ ሆኑለት።

በሚቀጥለው መኸር መኪናው ያለ ዘንግ መጣ። ኤንድሬ በአንድ እጁ ነዶ ሲያቀብል ዋለ፤ ያጎርስ የነበረው ሹር ነው።