የተደመሰሰችው ማይነስ

ሰፈሩ «ይሁን» ይለዋል። እናቱ ያወጣችለትን ስም የምታስታውሰው ምናልባት እህቱ ብቻ ናት። ሥራው ሒሳብ ማስጠናት ነው፤ ጥያቄው ተነቦ ሳያልቅ ጠመኔውን ያነሳና «ኤክስ ይሁን» ይላል። ምኑ ነው ኤክስ የሚሆነው? ዕድሜው ነው ወይስ መንገዱ? እሱ ምን ቸገረው፣ ይሁን ካለ ይሁን ነው።

የሚያስጠናው ከፎቶ ቤቱ ጀርባ በተከራያት ክፍል ውስጥ ነው። መስኮቷ የሚከፈተው ወደ ጎረቤት ግድግዳ ነው፤ አግዳሚ ወንበሮቹም ያነክሳሉ። በዚያች ጉሮኖ ውስጥ ግን ሰውየው ንጉሥ ነው። ተማሪ ይንቃል፣ ወላጅ ይንቃል፤ ከሁሉ አብልጦ የሚንቃት ግን ከመንገዱ ማዶ የምታስጠናዋን ሴት ነው። እሷ ጥያቄውን ደግማ ታስነብባለች፤ መልሱ ሲገኝም ወደ ታሪኩ መልሳችሁ ሞክሩት ትላለች። «ሒሳብ ነው ተረት የምታስተምረው?» እያለ ይስቅባታል። የእሱ ትምህርት አጭር ናት። «ታሪኩን ተዉት፤ ታሪክ ለሥራ ፈት ነው። ቁጥሩን ልቀሙ፣ ኤክስ በሉ፣ ጨርሱ።» መልሱ ከማይነስ ጋር ብቅ ካለ ማይነሷን በኮቱ እጅጌ ጠረግ ያደርጋታል። «ማይነስ ዓመት የት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ስህተት ናት፣ ደምስሷት።» ከየት መጣች ብሎ መጠየቅማ ለእሱ ውርደት ነው።

ያንን ኮት የሰፋችለት ታናሽ እህቱ ናት፤ ልብስ ሰፊ ነች። ልጇ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ማሰልጠኛ ለመግባት ቆርጣ ተነስታ ነበር፤ ለዚያ ደግሞ የሒሳቡን ፈተና ማለፍ አለባት። ከማዶዋ ሴት ዘንድ ደህና አድርጋ ትማር ነበር። ይሁን ይህን ሲሰማ ደሙ ፈላ። «የእኔ ሥጋ ማዶ ተሻግሮ ይማር? ሰው ምን ይለኛል?» እያለ እህቱን ነዘነዛት። እሷም ታላቄ ነው፣ የተማረ ነው ብላ ልጇን አመጣችለት።

ልጅቷ መጠየቅ ትወድ ነበር።

«ጋሼ፣ ማይነሱ ግን ለምን መጣ?»

«ቸኩለሽ ነው።»

«ደጋግሜ ሠራሁት እኮ።»

«እንግዲያው ደጋግመሽ ቸኩለሻል።»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ አልጠየቀችም።

ፈተናው ተፈተነ፣ ውጤቱም ተለጠፈ። በአንድ ጥያቄ ወደቀች። ይሁን ወሬውን እንደሰማ እህቱ ቤት ገሰገሰ። ሊያጽናና መስሏችሁ ከሆነ አታውቁትም። ከስፌት መኪናው አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠና «ያቺ የማዶዋ ናት ቀድማ ያበላሸቻት» አለ። አይ የሰው ድፍረት!

ልጅቷ አልተከራከረችም። የጣላትን ጥያቄ በቃሏ ነገረችው። እናት ሠላሳ ዓመቷ፣ ልጅ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የእናትየዋ ዕድሜ የልጅቷን ሰባት እጥፍ የሚሆነው መቼ ነው?

«ይቺ ናት የጣለችሽ?» ብሎ አሾፈ። የእህቱን የስፌት ጠመኔ አነሳና ጠረጴዛው ላይ በተዘረጋው ጥቁር ጨርቅ ላይ ይጽፍ ጀመር። ኤክስ ዓመቱ ይሁን። ሠላሳና ኤክስ ሲደመሩ፣ የስድስትና የኤክስን ድምር ሰባት ጊዜ ያህላሉ። አባዛ፣ ቀነሰ፣ አካፈለ። ማይነስ ሁለት ወጣ። እጁም እንደ ልማዱ ሄደና ማይነሷን በእጅጌው ጠረጋት።

«ከሁለት ዓመት በኋላ» አለ ኮራ ብሎ።

«እኔም እንደዚሁ አደረግሁ» አለች ልጅቷ። «መጀመሪያ ማይነስ ሁለት አገኘሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ማለት እንደሆነም ገብቶኝ ነበር፤ እናትየዋ ሃያ ስምንት፣ ልጅቷ አራት። ከምርጫዎቹ ውስጥም ነበረ። ልከበው ስል እርስዎ ያሉኝ ትዝ አለኝና ማይነሷን ደመሰስኳት።»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። ሰውየው ጨርቁን አየ፣ ጣሪያውን አየ። ሠላሳ ሁለት የስምንት ሰባት እጥፍ አለመሆኑን ለማወቅ ያን ያህል ማየት አያስፈልግም ነበር። በመጨረሻ «ጥያቄው ተንኮል አለበት» አለ።

እህቱ ከስፌት መኪናው ተነስታ የጨርቁን ጫፍ ያዘች።

«ወንድም ጋሼ፣ ልጄ ማዶ ትመለሳለች፤ ለከርሞ እዚያ ተምራ ትፈተናለች። ጨርቁንም ልቀቅልኝ፤ የሰው ነው።»

ለቀቀ። ደህና ዋሉም ሳይል ወጣ።

በማግስቱ የእህቱ ልጅ ቦታ ባዶ ነበር። ጠመኔውን አነሳና «ኤክስ ይሁን» አለ። ሲሠራ ማይነስ መጣች። አንዱ ተማሪ «ምን ማለት ነች?» ብሎ ጠየቀው። ይሁን አሁንማ ምን ማለት እንደሆነች ያውቃል። ከዚያ እጅጌውን አነሳና ጠረጋት።