የዳርቱ ቁምሳጥን

ወሰን ሰፈር ውስጥ ያረጀ የብረት ዕቃ ፍቆ አዲስ በማስመሰል ሚልኬሳን የሚያህል አልነበረም። የሟች ሚስቱን የዳርቱን የኩሽና ቁምሳጥን ግን ዓመታት አልፈውም ሊነካው አልደፈረም። አመሻሽ ላይ የእንጦጦ ብርድ ሲወርድ የቁምሳጥኑ ላሜራ ቋ ይላል፤ እሱም ዳርቱ የዘጋችው እየመሰለው ቀና ይላል።

ልጁ ቢፍቱ ስታገባ፣ «አባዬ፣ ቁምሳጥኑን ነጭ ቀብተህ ስጠኝ» አለችው። እንቢ ማለት አልሆነለትም። ጋራዡ ወስዶ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ጀመረ። እጀታው አጠገብ ሲደርስ እጁ ቆመ። የዳርቱ አራት ጣቶች ስንት ዘመን ሲመላለሱበት አረንጓዴውን ቀለም ጨርሰው ብረቱን አውጥተውታል።

ቢፍቱን ጠርቶ አሳያት። ጣቶቿን ብታሳርፍበት ልክክ አሉ። ደንግጣ እጇን ሰበሰበች።

«ይቺን ቦታ ልተዋት?» አላት።

«አይ፣ ቅባው አባዬ። በገዛ ቤቴ እሷ ቀድማኝ የምትከፍተው ከሆነ አልችለውም።»

ቀባው። አማረ፤ ተጭኖም ሄደ። ሚልኬሳ ግን ሲፍቅ የለበሰውን ቱታ እስከ ዛሬ አላሳጠበውም፤ እጅጌው ላይ አረንጓዴ ብናኝ አለ። ቢፍቱ መጥታ ልጠብልህ ብላ በለመነችው ቁጥር፣

«ተይው፣ እናትሽ አለችበት» ይላታል።