አይሰበርም ባዩ

ሰፈሩ ሁሉ «አይሰበርም» ብሎ ነው የሚጠራው፤ እሱም ስሙን እንደ ማዕረግ ተሸክሞት ይዞራል። ሥራው ስልክ መሸጫው በር ላይ ቆሞ፣ ማይክሮፎን ጨብጦ፣ አዲስ ስልክ መሬት ላይ በተነጠፈ ምንጣፍ ላይ መወርወር፣ ውኃ በሞላ ሳህንም ውስጥ መንከር ነው። «አይሰበርም! ውኃ አይገባውም! የፋብሪካ ዋስትና ሁለት ዓመት!» እያለ ሲጮህ ይውላል። ሲወረውረው ሰዉ በድንጋጤ «እ!» ይላል፤ አንስቶ ሲያበራላቸው ደግሞ ያጨበጭባሉ። እሱ ፈገግ ይልላቸዋል፤ በሆዱ ግን «የበግ መንጋ!» ነው የሚላቸው።

ወይ ንቀት! አፉን ከፍቶ የሚያየውን ይንቃል፣ አምኖ የሚገዛውን ይንቃል፣ ተበላሸብኝ ብሎ የሚመለሰውን ደግሞ ከሁሉ አብልጦ ይንቃል። ከምንጣፉ ሥር ስፖንጅ መነጠፉን አንድ ሰው እንኳ ጎንበስ ብሎ አለማየቱ ያስቀዋል። ስልኩን ሁልጊዜ በጀርባው እንጂ በጠርዙ እንደማይጥለው፣ ከውኃው ሳህንም ገና ጠለቅ ከማለቱ ላፍ አድርጎ እንደሚያወጣው ማንም ልብ አላለም። ዋስትናውማ አይነሳ! ከወረቀቱ ጀርባ ጉንዳን በምታክል ፊደል የተጻፈውን በቃሉ ይዞታል፤ የወደቀ አይሸፍንም፣ የተሰነጠቀ አይሸፍንም፣ እርጥበት የነካው አይሸፍንም። ሒሳብ ተቀባይዋ «ታዲያ ምኑን ነው የሚሸፍነው?» ብትለው «ካርቶኑን!» ብሏት ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ከፍጥረት ሁሉ የማይንቃት አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ ታላቅ እህቱ። እናታቸው ስትሞት ትምህርቷን ትታ፣ ሆስፒታል ውስጥ የበሽተኛ አንሶላ እያጠበች ያሳደገችው እሷ ናት። እሷ ፊት ከማነስ ሞቱን ይመርጣል። እሷም የዋህ ናትና «ወንድሜ እኮ የስልክ ሊቅ ነው» እያለች ታወራለታለች። ሊቅ! መወርወር ሊቅ ካሰኘማ ድንጋይ የሚወረውር ዱርዬ ሁሉ ሊቅ በሆነ ነበር።

አንድ ቀን ከሚወረውራቸው ስልኮች ዓይነት አዲስ አምጥቶ ሰጣት። ዝም ብሎ ቢሰጣት ምን ነበረበት? አፉ ግን አላርፍ አለው። «እትዬ፣ ይሄ ለአንቺ ሥራ የተፈጠረ ነው። ውኃ ውስጥ ቢወድቅ እንኳ አራግፎ ማንሳት ነው። ደግሞም ዋስትና አለው፤ በኔ ይሁንብሽ» አላት። እሷንም እንደዚያ መንጋ እየዋሻት መሆኑን ልብ አላለውም፤ ምላሱ ለምዶበታል።

እሷ ግን እያንዳንዷን ቃል አመነች። የልብስ ማጠቢያ ክፍል ጓደኞቿ «ተይ እባክሽ፣ ወንድምሽ ቀጣፊ ነው፤ ውኃ የማይፈራ ስልክ የት አለ?» ብለው ሲያበሽቋት ደሟ ፈላ። «ወንድሜ ነው ቀጣፊ?» ብላ ስልኳን ከኪሷ አወጣችና አንሶላ የሚለቀለቅበት ገንዳ ውስጥ ጨመረችው። ቶሎ ባወጣው አያምኑኝም ብላ፣ የቀራትን አንሶላ ጨምቃ እስክትጨርስ እዚያው ተወችው። ሲወጣ ስልኩ ጭጭ።

እሷ ግን አልደነገጠችም። «ዋስትና አለው እኮ!» አለች። «ነገ አብራችሁኝ ኑና ወንድሜ ሲያስለውጥልኝ በዓይናችሁ እዩ።»

በማግስቱ ሁለቱን ጓደኞቿን አስከትላ ሱቁ ደረሰች። አይሰበርም በር ላይ ሰው ሰብስቦ እየወረወረ ነበር፤ ባለሱቁም አጠገቡ ቆሞ ገበያውን ያያል። እህቱ ወንድሟን ሥራ ላስፈታው አይገባም ብላ በቀጥታ ወደ ውስጥ ገባች። ዋስትና ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ጠጋኝ ስልኩን ከፈተና ወዲያው መልሶ ገጠመው።

«ውኃ ገብቶታል። ዋስትናው ውኃ አይሸፍንም።»

«ውኃ አይገባውም ብላችሁ አይደል እንዴ የምትሸጡት?»

«ገባ እኮ! ይኸው!»

ከጓደኞቿ አንዷ «ላም አለኝ በሰማይ!» ብላ አጉረመረመች። እህትየው ግን ገና ፈገግታዋ አልጠፋም። ወደ በሩ ዞራ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል፣ ኮራ ብላ ተጣራች። «ወንድሜ! ና እስቲ ለኔ ያልከኝን ለዚህ ሰው ንገረው!»

ሰዉ ሁሉ ዞረ። ባለሱቁ አንገቱን አስግጎ አየው። «እህቴ ናት፤ እኔ ነኝ ያልኳት» ቢል በቃው ነበር። ባለሱቁ ቢቆጣ ይቆጣ፣ ቢያባርረውም ያባርረው፤ አፍ ላለው ሰው እንጀራ አይጠፋም። ግን እነዚያ ሲንቃቸው የኖረው ሰዎች ሊስቁበት ነው! የናቃቸው ሰዎች ሳቅ ካሳደገችው እህቱ በለጠበት፤ እንግዲህ የሰውየውን ልክ እዩት።

ማይክሮፎኑን እንኳ ከአፉ ሳያርቅ «እናት» አላት፤ «ወረቀቱን ሳያነቡ ገዝተው እኛን አይጨቅጭቁ። ወረፋዎን ይጠብቁ!»

ሰዉ በሳቅ አውካካ። ጓደኛዋ ግራ ገብቷት «ወንድሜ ነው አላልሽም እንዴ?» አለቻት።

እህትየው አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ትንሽ ጊዜ ፊቱን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ «ተሳስቼ ነው፤ መልኩ ተመሳስሎብኝ ነበር» አለቻቸውና የሞተውን ስልክ ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች።

እሱም ዓይኑን በጨው አጥቦ ቀኑን ሙሉ ሲወረውር ዋለ። እሁድ ግን አንጀቱ አላስችለው አለና፣ ከሱቁ ውድ የተባለውን ስልክ ገዝቶ ወደ ቤቷ ሄደ። በመንገዱ ሁሉ የሚላትን ሲያሳምር ነበር። «ባለሱቁ ቆሞብኝ ነው እኮ፣ እትዬ» ይላል፤ «ይገባሻል ብዬ ነው» ይላል። በደልኩሽ የሚለው አንዴም አልመጣለትም። ስልኩን ስታይ ትረሳዋለች ብሎ ነው እኮ! አሁንም ሊሸጥላት!

በሩን የከፈተችው የእህቱ ልጅ ናት። እንደ ልማዷ ልትጠመጠምበት እጇን ስትዘረጋ፣ ከውስጥ ልብስ የምትተኩሰው እናቷ «ማነው?» አለች።

«አጎቴ ነው!»

እናቷ፣ ያለ ቁጣ፣ ጎረቤት እንደምታናግር ሆና መለሰች።

«ሻጭ ነው፣ የኔ ልጅ። አንገዛም በይውና በሩን ዝጊው።»

ልጅቱ ወደ ውስጥ አየች፤ እሱንም አየችው። እጇን ሰበሰበችና፣ በየቀኑ ለሚያንኳኳው ሻጭ ሁሉ እንደምትለው፣ «አንገዛም» ብላ ዘጋችው።