በግራ እጅ የተነጠፈው አልጋ

ወሬው እንዲህ ነው፦ ከወደቡ በላይ፣ ሰማያዊ መስኮት ባለው ማረፊያ ቤት ውስጥ፣ ለእንግዶች አልጋ የምታነጥፈው የሞተች ሴት ናት። የባለቤቷ ታናሽ እህት፤ ባሕር የበላት።

ይህ ወሬ ከወደቡ ተነሥቶ ካፌው በረንዳ እስኪደርስ እግር አወጣ፣ ጅራት አወጣ፣ ክንፍም አበቀለ። ፀጉር አስተካካዩ፣ "ከፀጉሯ የሚንጠባጠበው ውኃ ደረጃውን ወርዶ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ የሱቄን ወለል አርሶታል፤ ዋሽቼ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው" ብሎ ማለ። ወለሉ እርጥብ መሆኑን የካደ የለም። የሱቁ ቧንቧ ከተሰነጠቀ ግን ዓመት አልፎታል። ዓሣ ሻጯ ደግሞ ሟቿን በዓይኔ በብረቱ አየኋት ባይ ናት፤ "መስኮቱን ከፍታ ሰላም አለችኝ! ሞት ተስማምቷታል እቴ፣ ከእኔ በላይ ወፍራለች።"

ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይባላልና እስቲ መላ እንጨምርበት። በሕይወት ያለነው እንኳ የገዛ አልጋችንን ለማንጠፍ እናታችን እስክትጮህ እንጠብቃለን፤ ታዲያ አንዴ ተገላግሎ ያረፈ ሰው የማንንም አንሶላ ለመወጠር ይነሣል? ደግሞ ሙታን ሥራ መያዝ ከጀመሩ እኛ ምን ሠርተን ልንበላ ነው? የካፌው ሰው ይህን ሁሉ ተከራክሮ፣ ወሬው ሐሰት መሆኑን በአንድ ድምፅ አጸደቀ። ከዚያ በኋላ ግን ወደ ቤቱ ሲሄድ በዚያ ማረፊያ በኩል ማለፍ ትቶ፣ በአሸዋው ዞሮ ጫማውን መሙላት ጀመረ።

የቤቱ ባለቤት መልህቅ ትባላለች። ስሙን ያወጣላት ያው ካፌው ነው፤ አንዴ ከተቀመጠች መርከብ ቢጎትታት ከወንበሯ አትነቃነቅም ለማለት። በፊቷ ግን ይህን ስም የሚደፍር የለም፣ ሁሉም "እትዬ" ነው የሚላት። ክንዷን ያየ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም። እርጥብ ብርድ ልብስ ስትጨምቅ ብርድ ልብሱ እንደ ሰው ያቃስታል።

እንጀራዋ የተንጠለጠለው በመርከቧ ላይ ነው። መርከቧ መንገደኞቿን ጥቂት ቀን በደሴቶቹ መሐል ታዞርና፣ ቀሪውን ቀን በመሬት እንዲያሳልፉ ለመልህቅ ቤት ታስረክባለች። ትኬት ቢሮው ግድግዳ ላይ "ግማሹ በውኃ፣ ግማሹ በመሬት" ተብሎ ተጽፏል። ይህን ያሰበው የመርከቧ ባለቤት ነው። ሰዉ "ካፒቴን" ይለዋል እንጂ መርከብ ነድቶ አያውቅም፤ ሳህን ውስጥ ያለ ውኃ ሲወዛወዝ ካየ ያጥወለውለዋል። መርከቧን ከቀድሞው ካፒቴን የገዛ ጊዜም እስከ መሰላሉ ድረስ ብቻ ሄዶ፣ "ጥሩ ናት" ብሎ ተመልሷል።

ሰው በውኃ ላይ ሰንብቶ ሲወርድ ሰውነቱ መውረዱን ቶሎ አያምንም። በቀጥታው የወደብ መንገድ ላይ እየተንገዳገደ ይሄዳል፣ የካፌው ሰውም "የጠጡት የባሕሩን ውኃ ብቻ አይደለም" እያለ ይስቃል። ጭንቁ ግን መኝታ ላይ ነው። ጋደም ሲል አልጋው ይነሣል፣ ይወርዳል፣ ግድግዳው ይሄዳል። የዚህን መድኃኒት የምታውቀው መልህቅ ናት። ብርድ ልብስ ጠቅልላ ከፍራሹ የውጭ ጠርዝ ሥር ትሸጉጣለች፤ የተኛው ሰው ልክ እንደ መርከብ አልጋ ወደ ግድግዳው ዘንበል ይላል። ከዚያ አንሶላውን ወጥራ ጠርዙን ታጥፋለች። በማግስቱ ጥቅሉን ታወጣዋለች፣ እንግዳውም ያን ጊዜ ገና መሬት ይረግጣል።

"ሰው በአንዴ አይወርድም" ትላለች። "እንደ እንቁላል ነው፣ ቀስ ተደርጎ ነው የሚቀመጠው።"

ይህን ሙያ የተማረችው መርከቧ ላይ ነው፤ እሷና ታናሽ እህቷ የመኝታ ክፍሎቹን ያጸዱ በነበረ ጊዜ። ታናሺቱ ግራኝ ነበረች። የመልህቅ እጥፋት ወደ ግድግዳ ሲያይ፣ የእሷ ወደ በሩ ያያል።

"አንቺ ልጅ፣ አልጋው እኮ ተነሥቶ ሊወጣ ነው የሚመስለው!" ትላታለች ታላቅ።

"ይውጣ፣ ነፋስ ይቀበል። እንዳንቺ ግድግዳ ሲያይ ይኑር?" ትላለች ታናሽ።

በእነሱ ቤት የተነጠፈ አልጋ ማለት ሰው ማለት ነበር። መርከቧ ልትነሣ ስትል መልህቅ በየክፍሉ ብቅ ትላለች፤ እጥፋቱ ወደ በር ካየ እህቷ ገብታለች፣ አለቀ። በጉዞው መጨረሻ ያለችው ደሴት ድንጋይና ወፍ ብቻ ናት። መንገደኞቹ ሲንሸራሸሩ እህትማማቾቹ ያጠቡትን በጋለው ድንጋይ ላይ ያሰጡ ነበር። አንድ ቀን የቀድሞው ካፒቴን እንደ ልማዱ "ሁሉም ገባ?" ብሎ ጮኸ። መልህቅ የዳሩን ክፍል ገርበብ አድርጋ አየች። አልጋው ተነጥፏል፣ እጥፋቱ ወደ በር ያያል፣ እጇ ያለሰለሰበት ምልክት እንኳ ገና አልጠፋም።

"ሁሉም ገብቷል!" አለች።

ታናሺቱ ግን አልጋውን ካነጠፈች በኋላ የቀረ የትራስ ልብስ ትዝ ብሏት ተመልሳ ወርዳ ነበር።

መጉደሏ የታወቀው ባሕሩ መሐል ነው። መርከቧ ዞራ ስትደርስ የትራስ ልብሱ በሥርዓት ታጥፎ፣ ድንጋይ ተጭኖበት፣ ደረቅ እንዳለ ተገኘ። ሰው የለም። ባሕሩም ሬሳ አልመለሰም። እንግዲህ "ሞታለች" ያለው ካፌው ነው እንጂ ባሕሩ ያለው ነገር የለም። "ነፍስ ይማር" ያላትን ሰው መልህቅ ጀርባዋን ትሰጠዋለች። ከመርከቧ ወርዳ ይህን ቤት ከፈተች፣ ከፎቁም የዳሩን ትንሽ ክፍል ለማንም አላከራየችም። አንሶላውን ራሷ ትለውጣለች፣ እጥፋቱን ወደ ግድግዳ ታደርጋለች፣ ትቆልፋለች።

አንድ ቀን መርከቧ ከደሴቶቹ ተመልሳ ጥሩምባዋን ነፋች። መልህቅ ፎጣ ልታወጣ ወደ ፎቅ ወጥታ፣ እግረ መንገዷን የዳሩን ክፍል ከፈተች። እጥፋቱ ወደ በር ያያል።

ዘንግቼ ነው አለች። እርጅና ነው አለች። በሚቀጥለው ጉዞ ግን አልጋውን በጥንቃቄ አንጥፋ ቆለፈችና ቁልፉን ጡቷ ሥር ከተተችው። ጥሩምባው እንደተሰማ ወጣች። ቁልፉ የተሸጎጠበት አለ። በሩ እንደተቆለፈ ነው። እጥፋቱ ወደ በር ያያል፣ ከፍራሹ ጠርዝ ሥርም እሷ ያላስገባችው የብርድ ልብስ ጥቅል ተሸጉጧል። አንሶላው ላይ መዳፏን አሳረፈች። ሞቅ ብሏል፤ የሰው ገላ ሙቀት ሳይሆን ሲግል የዋለ ድንጋይ ሙቀት። ያ ክፍል ደግሞ ፀሐይ ገብቶበት አያውቅም።

ሌላ ሰው ቢሆን ደረጃውን በሆዱ ይወርደው ነበር። መልህቅ ግን ቆማ አየችውና፣ "አሁንም ግራ ነው። አልተማርሽም ማለት ነው" አለች። ከዚያ ጥቅሉን ቀስ አድርጋ አወጣችው፣ እህቷን ልታወርዳት። መርከቧ በተመለሰች ቁጥር ግን ጥቅሉ ተመልሶ ቦታው ይገኛል። ገና አልወረደችም።

ይህን ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛው ነበር። ነገር ግን በተከፈተ መስኮት አጠገብ ቆማ ከባዶ ክፍል ጋር የምታወራ ሴት ምሥጢሯን ካፌ እንደማይሰማባት ማሰቧ ነው የገረመ። ፀጉር አስተካካዩ በመስኮቱ ሥር ሲያልፍ "እህትዬ" ስትል ሰማ። ወሬው ክንፍ ያበቀለው ከዚያ ነው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ወሬው መልህቅ ጋ ሳይደርስ ካፒቴኑ ጋ ደረሰ። መርከቧ ከማረፊያው አልጋ ቁጥር በላይ ሰው ይዛ በመጣችበት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ካፒቴኑ እያለከለከ ወደ መልህቅ ቤት ወጣ። ከኋላው ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር አስከትሏል፤ በረንዳው ላይ ያሉት ወንበሮች ሲያዩዋቸው ቀጥ ያሉ እስኪመስል ድረስ ቁጡ ሴት ናቸው።

"እትዬ፣ ያቺን የዳር ክፍል ክፈቺልኝ።"

"እሷ ክፍል አትከራይም፣ ካፒቴን።"

"ለምን? ሰው አለባት?" ወደ ጆሮዋ ተጠጋ። "ስሚኝ፤ ሙት ታስተናግዳለች ተብለሻል። እኔ መንገደኞቼን ወደ መቃብር አላወርድም። ዳይሬክተሯ እዚያ ይደሩ። ነገ ቁርስ ላይ እመጣለሁ። ሰላም ካደሩ እሰየው። ወሬው እውነት ከሆነ ግን ኮረብታው ማዶ ያለው ሆቴል መንገደኞቼን ሲመኝ ታሟል፣ ሰዉን ሁሉ ወደዚያ ነው የምወስደው።"

መልህቅ በሆዷ አሰላችው። መርከቧ ከቀረች ቤቱ ወር አይቆይም፣ ይዘጋል። ይዘጋ፣ ለራሷ አልሳሳችም፤ እነዚህ ክንዶች የትም አንሶላ ይጨምቃሉ። ግን ቤቱ ከተዘጋ እህቷ የት ትመጣለች? ማን በር ከፍቶ ይጠብቃታል?

ዳይሬክተሯ ሻይ እስኪጠጡ ድረስ ወደ ዳሩ ክፍል ወጣች። እጥፋቱ ወደ በር ያያል። መስኮቱን ዘጋችና ወደ አልጋው ጎንበስ ብላ እንዲህ አለች፦ "እህትዬ፣ ዛሬ እንግዳ አለብሽ። ነገ ደግሞ ታች የምለውን እንዳትሰሚ። ብትሰሚም እንዳትቀየሚኝ፤ ለቤቱ ብዬ ነው።"

የአንሶላው ጫፍ ነፋስ በሌለበት ቀስ ብሎ ተነሣና ተመልሶ ተኛ።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ካፒቴኑ ቀድሞ ተገኘ። ፀጉር አስተካካዩም አንድ እንግዳ ልላጭ ብሎ መጥቷል፤ ምላጩን ግን ረስቶታል። መልህቅ እንቁላል እየላጠች ነበር። ዳይሬክተሯ ቀይ ጉንጭ ይዘው ደረጃውን ወረዱ።

"እንዲህ ያለ እንቅልፍ ከልጅነቴ ወዲህ ተኝቼ አላውቅም" አሉ። "ያቺን ልጅ አመስግኚልኝ።"

የመልህቅ ጣት እንቁላሉ ውስጥ ገባ።

"የትኛዋን ልጅ?" አለ ካፒቴኑ።

"ሠራተኛዋን ነዋ። ገና ሳይመሽ ጋደም ስል አልጋው ይዞረኝ ጀመር። ገብታ ብርድ ልብስ ከሥሬ ሸጎጠችና አንሶላውን ወጠረችልኝ። እጇ እንዴት ይሞቃል! ግራኝ ናት እንጂ፣ በእኔ ጊዜ ቢሆን አርሜያት ነበር።"

"ምን... ምን አለችዎ?" አለ ካፒቴኑ።

"ምንም። 'ሁሉም ገባ?' ብላ ጠየቀችኝ። 'አዎ ልጄ፣ ሁሉም ገብቷል፣ አንቺም እረፊ' ብላት፣ 'እኔማ አንድ የትራስ ልብስ ቀርታኛለች' ብላ ወጣች።"

ካፒቴኑ ሠራተኛ ፍለጋ ወጥ ቤቱን አየ፣ ጓዳውን አየ። በዚህ ቤት ከመልህቅ በቀር የሚሠራ ሰው ኖሮ አያውቅም። ቀስ ብሎ ወደ እሷ ዞረ።

"እትዬ፣ እህትሽ ናት? አንድ ቃል ንገሪኝ፣ እህትሽ ናት ወይ?"

ያን ጊዜ ከላይ፣ ከዳሩ ክፍል በኩል፣ አንሶላ ሲራገፍ ተሰማ። አንዴ፣ ከዚያ ደግሞ አንዴ። የክፍሉ እንግዳ እዚህ ተቀምጠው ዳቦ ይቀባሉ። ፀጉር አስተካካዩ ታናሺቱን በደንብ ያውቃታል፤ "አንተ ስትላጭ በግ ያዝንልሃል" እያለች ትቀልድበት ነበር። አፉን ከፈተ። መልህቅ አየችው። እንደከፈተውም ቀረ።

እሷም ከወንበሯ ተነሣች፣ እጇን በሽርጧ ጠረገችና፣ ከማዕዱ አልፎ ደረጃውን እንዲወጣ፣ የላዩንም ድምፅ ዝም እንዲያሰኝ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናገረች፦

"ውሸት ነው። እህት የለኝም፣ ኖራኝም አታውቅም። የሰጠመ የለም፣ የተመለሰም የለም፣ ፎቅ ላይ ማንም የለም። የዚህን ቤት አልጋ ሁሉ የማነጥፈው እኔ ነኝ፣ በዚህ በቀኝ እጄ።"