የእሾህ ፊርማ

ሰፈሩ ያወጣለት ስም እሾህ ነው። የጌም ማጫወቻ ጠጋኝ ነው፤ እጁ የተባረከ፣ ምላሱ ግን ስለት። ደንበኛ ማጫወቻ ታቅፎ ሲገባ ገና ዕቃውን ሳያይ "ማን ነካካው?" ብሎ ይጮኽበታል። የቀድሞ ሸሪኩ ይህን ሁለት ዓመት ችሎ፣ ሲመረው መንገድ ተሻግሮ የራሱን ጌም ቤት ከፈተ። ከዚያ ወዲህ ሆድና ጀርባ ናቸው።

እሾህ ከጥገናው ይልቅ የሚኮራበት ሙያ አለው። ሰዎች ቤታቸው ተቀምጠው የጻፉትን ጌም፣ ማጫወቻው እንዲቀበለው አድርጎ በአንድ ፋይል ያሽጋል። እያንዳንዱ እሽግ መለያ ቁጥር ያስፈልገዋል፤ ማጫወቻው አንዱን ከሌላው የሚለየው በእሱ ነው። ይህ ጉደኛ ታዲያ በሁሉም እሽግ ላይ የሚጽፈው አንድ ቁጥር ነው፤ የተወለደበትን ቀን። "ፊርማዬ ነው" ይላል። አንድ ደንበኛ ሁለት ጌም አሳሽጎት ስለማያውቅ ጉዱ አልወጣም።

ሴት ልጁ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ሦስት ወር ተቀምጣ አንድ ጌም ጻፈች። ጨርሳ አመጣችለት።

"አሽግልኝ አባዬ። ዛሬ ሥራ እንዲቀጥሩኝ ላሳየው ነው።"

"የት?"

"መንገድ ማዶ።"

ደሙ ፈላ። "እዚያ ሌባ ዘንድ?"

"እሱ ደመወዝ ይከፍላል። አንተ የምትከፍለኝ ስድብ ነው።"

የልጁን ሥራ ሌላ ሰው ከሚያሽገው ሞቱን ይመርጣል፤ ስለዚህ እያጉረመረመ አሸገው። እሷ በትከሻው በኩል አጮልቃ አየች።

"አባዬ፣ ይሄ ቁጥር ሌላ እሽግ ላይ የለም?"

"አንቺ ነሽ እኔን የምታስተምሪ? ይዘሽ ውጪልኝ!"

ይዛ ወጣች። መንገድ ማዶ ያለው ማጫወቻ ላይ፣ ሸሪክ በነበሩ ጊዜ እሾህ ያሸገው የውድድር ውጤት መመዝገቢያ ነበር፤ ጌም ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ ያለው ውጤት ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። የልጅቷ ጌም ሲጫንበት፣ ቁጥሩ ያው ስለሆነ ማጫወቻው "የቀድሞው ይተካ?" ብሎ ሲጠይቅ ባለቤቱ ሳያነብ እሺ አለው። መዝገቡ ድራሹ ጠፋ። ሰውየው ከልጅቷ ጌም አንዲት ደረጃ እንኳ ሳያይ "አባትሽ ነው የላከሽ!" ብሎ በሩን አሳያት።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተመልሳ አባቷ ፊት ቆመች። የሆነውን ነገረችው። እሾህ ገና ግማሹን ሲሰማ ጥፋቱ የቁጥሩ እንደሆነ ገባው።

"ሆን ብለህ ነው?" አለችው። ዓይኗ "አይደለም" በለኝ እያለ ይለምነው ነበር።

"አላወቅኩም" ቢል ይበቃ ነበር። ግን ይህቺ ቃል በዚያ ሱቅ ውስጥ ከአፉ ወጥታ አታውቅም። ክፉ መባሉን ችሎታል፤ ሥራ አይችልም መባሉን ግን አይችልም።

"ሆን ብዬ ነው" አለ።

ላፕቶፗን ከነገመዱ፣ ሹራቧን ከወንበሩ ላይ አንስታ ሄደች። "አባዬ" ብላ አልተሰናበተችውም።

ከሰዓት በኋላ የሌላ ደንበኛ ጌም ለማሸግ ተቀመጠ። ቁጥሩ ጋ ሲደርስ የልደት ቀኑን ጽፎ ደለዘው። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ ቁጥር ጻፈ።